ኮከብ ለኪው የራስ ፊል ሹም

የመተማ ስም ሲነሣ አብዛኞቻችን ቶሎ የሚታወሰን አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት መሆኑ ነው። ከተማዋም መተማ ዮሐንስ የምትባለው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ 117 ዓመት ቀደም ብሎ ግን በዚሁ ቆላ አንድ ሌላ ሰው አልፎ ነበር። ጦር አልመራም፣ ከተማም በስሙ አልተጠራም። በግመልና በበቅሎ ያስጫነው የነሐስ ኳድራንት፣ ቴሌስኮፖችና ሰዓት ነበር። የሚገርመው ደግሞ ይህ የውጭ አገር ሰው በጎንደር ቤተ መንግሥት የራስ ፊል ሹም ተብሎ መሾሙ ነው። ራስ ፊል (በዐረብኛ የዝሆን ራስ ማለት ነው) ያን ጊዜ የዛሬውን መተማንና አካባቢውን የሚያጠቃልል የጠረፍ ግዛት ነበር።

ሰውየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ጎንደሮች ያቁብ ይሉት ነበር። በትምህርት ቤት ስንማር ስለ እሱ የተነገረን የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣ መንገደኛ መሆኑ ብቻ ነው። እኔ ግን ማታ ማታ ሰማይ ማየት የሚወድ አማተር ነኝና ብሩስን የማየው በሌላ በኩል ነው። ለእኔ ብሩስ ከእኛ ከአማተሮቹ ወገን ነው። በየትኛውም የከዋክብት ምርምር ጣቢያ አልተቀጠረም፤ መሣሪያውን በራሱ ደጅ ጥናት አሰባሰበ፤ ያገኘውን ጓሮና ሜዳ ሁሉ መመልከቻ አደረገው። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን በመሣሪያዎቹ በኩል ልንገራችሁ።

የወይን ነጋዴው ኮከብ ለኪ

ብሩስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1730 በስኮትላንድ ኪኔርድ በሚባል የቤተሰቡ ርስት ነው። ትምህርቱን በእንግሊዝ አገር ሃሮው ተከታተለ፤ ኤደንብራ ላይ ሕግ ጀምሮ አልገፋበትም። እ.ኤ.አ. በ1754 የአንድ ወይን ነጋዴ ልጅ አገባና በንግዱ ገባ። ይሁንና ሚስቱ ዓመት እንኳ ሳይቆዩ በሳምባ ነቀርሳ ፓሪስ ላይ ሞተችበት። ከዚያ በኋላ ልቡ ከንግዱ ወጣ። ስፔንና ፖርቱጋል ዞረ፣ ዐረብኛ ተማረ፣ ከሉዶልፍ መጻሕፍት ግዕዝ አጠና።

እ.ኤ.አ. በ1762 የእንግሊዝ መንግሥት የአልጀርስ ቆንስል አድርጎ ሾመው። በሰሜን አፍሪካ የሮማውያንን ፍርስራሾች ለመንደፍም ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ወጣት ሠዓሊ ቀጠረ። የዚህን ወጣት ስም ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ብሩስ የዓባይን ምንጭ ለማየት ብቻ አልነበረም ያሰበው። ምንጩ በምድር ላይ የቱ ጋ እንደሆነ በቁጥር ማስቀመጥ ፈልጎ ነበር። ለዚህ ደግሞ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሆኖም በሊቢያ ጠረፍ ላይ የተሳፈረባት መርከብ ተሰብራ ብዙ ዕቃው ባሕር ገባ። ራሱም እየዋኘ ነው የወጣው። ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ በዚሁ ያበቃ ነበር። እሱ ግን ለወዳጆቹ ደብዳቤ ጻፈ። ከለንደን ቴሌስኮፖች መጡለት፤ ከፈረንሳዩ ንጉሥ ከሉዊ 15ኛ ደግሞ ትልቅ የነሐስ ኳድራንት በስጦታ ተላከለት።

ኳድራንት ለማያውቀው አንባቢ፦ የክብ ሩብ የሆነ፣ ጠርዙ በዲግሪ የተከፋፈለ፣ ማነጣጠሪያ ያለው መሣሪያ ነው። ፀሐይ ወይም ኮከብ ከአድማስ በላይ ስንት ዲግሪ ከፍ እንዳለ ይለካል። ከዚያ ኬክሮስና የአካባቢው ትክክለኛ ሰዓት ይወጣል። ችግሩ ክብደቱ ነው፤ እግሩ ብረት፣ አካሉ ነሐስ ነው።

ኮከብ ማየት በመንገዱ ሁሉ አንዳንዴ ጠቅሞታል፣ አንዳንዴም አስፈርቶታል። ካይሮ ላይ የዓሊ ቤይ ጸሐፊ የነበረው ኮፕት መሣሪያዎቹን አይቶ የኮከብ ጠንቋይ ነው ብሎ ስላመነ ሳጥኖቹ ሳይበረበሩ አለፉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1769 ምጽዋ ሲደርስ ደግሞ በሰማዩ ላይ ኮሜት ታይቶ ስለነበር የአገሩ ሰዎች ስለ ትርጉሙ ጠይቀውታል።

ኳድራንቱና ያሲን

ከምጽዋ ወደ ደጋው ለመውጣት የታራንታን ተራራ መሻገር ግድ ነው። በዚያ ዳገት ላይ ተሸካሚዎቹ በሸክሙ ተጨቃጨቁ። ኳድራንቱን ማንም ሊነካው አልፈለገም። ያን ጊዜ ያሲን የተባለ አብሯቸው ይጓዝ የነበረ እስላም መንገደኛ ከብሩስ ጋር ሆኖ መሣሪያውን ተሸከመ። ሁለቱ እየተጋገዙ፣ እየወደቁ እየተነሡ ነሐሱን ዳገቱ ላይ አደረሱት። ያቺ ቀን የሁለቱን ሰዎች ዕድል አሰረችው።

ብሩስ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ነው። የገባበት ወቅት ራስ ሚካኤል ስሑል አንጋሽና አውራጅ የነበሩበት፣ አፄ ተክለ ሃይማኖት ገና ልጅ ሳሉ ዙፋን ላይ የተቀመጡበት ነው። በከተማዋ ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና ብሩስ መጀመሪያ የተፈለገው ለሕክምና ነው። ቁስቋም ላይ በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ የታመሙትን የመሳፍንት ልጆች አከመ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ክንፉ ዳነለት። ከዚያ በኋላ የቤተ መንግሥቱ በር ተከፈተለት፤ ባለሟል ተባለ፣ ሹመትም ተሰጠው።

የራስ ፊልን ሹመት የተቀበለው ለግብሩ ብሎ አልነበረም። ወደ አገሩ በሱዳን በኩል ለመመለስ አስቦ ስለነበር በሩን በእጁ ለማስገባት ፈልጎ ነው። ራሱ ጎንደር ተቀምጦ በእሱ ፋንታ ወደ ቆላው የላከው ያሲንን ነው። እንግዲህ የታራንታው ሸክም ዋጋ ይህ ነበር። ኳድራንቱን የተሸከመው ሰው የመተማን ጠረፍ እንደራሴ ሆኖ ማስተዳደር ጀመረ።

የጁፒተር ጨረቃ እንደ ሰዓት

እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1770 ብሩስ ሰከላ ውስጥ ግሽ ዓባይ ደረሰ። እዚያ ከቆየባቸው ቀናት ለእኔ ትልቁ ነገር መድረሱ አይደለም፤ ኳድራንቱንና ቴሌስኮፑን ተክሎ መለካቱ ነው። የግሽ ዓባይን ኬክሮስ 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ሰሜን አለው። ከዛሬው ካርታ ጋር ሲነጻጸር የሚለየው ቢበዛ በጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን፣ በጦርነት መሀል፣ ከሜዳ ላይ የተገኘ ውጤት መሆኑን ስታስቡት ያስደንቃል።

ኬንትሮስ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ኬንትሮስ ማለት በሁለት ቦታዎች መካከል ያለ የሰዓት ልዩነት ማለት ነው። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ። ስለዚህ ብሩስ በግሽ ያለውን ሰዓት ከፀሐይና ከኮከብ ቢያገኝም በዚያው ቅጽበት ግሪኒች ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ አለበት። ስልክ የለ፣ ሬዲዮ የለ።

መልሱ ሰማይ ላይ ነበር። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያገኛቸው አራቱ የጁፒተር ጨረቃዎች በጊዜ ሰሌዳ የሚሄዱ ናቸው። ለጁፒተር የምትቀርበው አዮ በየ42 ሰዓት ተኩል ግድም አንድ ዙር ትጨርሳለች፤ በዙሩም የጁፒተር ጥላ ውስጥ ገብታ ትጠፋና ተመልሳ ብቅ ትላለች። ይህ በአውሮፓ ሰዓት መቼ እንደሚሆን የሚነግሩ የስሌት ሰንጠረዦች ነበሩ። ቅጽበቱን በቴሌስኮፕ አይቶ የራስን ሰዓት መመዝገብ፣ ከሰንጠረዡ ጋር ማቀናነስ፣ ልዩነቱን ወደ ዲግሪ መለወጥ፤ በቃ፣ ኬንትሮስ ተገኘ።

ብሩስ በዚህ ዘዴ የግሽን ኬንትሮስ 36 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ተኩል ምሥራቅ አለው። የዛሬው መለኪያ ወደ 37 ዲግሪ ከ12 ደቂቃ ይጠጋል። ልዩነቱ ሩብ ዲግሪ ግድም፣ በመሬት ላይ ሲሰላ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ይመስላል። ወደ ሰዓት ስንለውጠው ግን አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ከአውሮፓ እስከ ሰከላ ድረስ ተጉዞ በአንድ ደቂቃ መሳት!

ገንዳ ውሃ ላይ የሞከርኩት

ይህቺ አንድ ደቂቃ ከየት መጣች የሚለው ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. አንድ ዘመዴ ከውጭ ሲመጣ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ ይዞልኝ መጣ። ከዚያ በፊት የነበረኝ ሰባት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ባለ ሌንስ ነው። አዲሱን ዕቃ ልሞክረው ባልኩበት ሰሞን ለሥራ ወደ ምዕራብ ጎንደር መሄድ ነበረብኝና ሁለቱንም ጭኜ ወረድኩ።

ከአዘዞ ተነሥቶ በአይከልና በነጋዴ ባሕር በኩል ወደ ቆላው ሲወረድ አየሩ በየኪሎ ሜትሩ ይለወጣል። ብርዱ ይቀራል፣ ጋቢው ይወልቃል። ገንዳ ውሃ ስትደርሱ የሰሊጥ አጨዳው እየተጠናቀቀ፣ የቀን ሠራተኛው ወደየአገሩ ለመመለስ መኪና የሚጠብቅበት ወቅት ነው። ያረፍኩበት ወዳጄ ግቢ ሰፊ ነው፤ መብራትም በዚያ ማታ አልነበረም። ለመብራት ኃይል ደንበኛ መርዶ፣ ለኮከብ ተመልካች ግን ሠርግና ምላሽ ነው።

አዲስ ቴሌስኮፕ ከሳጥን ወጥቶ ወዲያው አይታይበትም። መስታወቱ ከአየሩ ሙቀት ጋር እስኪስማማ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በቆላ ደግሞ ቀን የጋለው መሬት ማታም ሙቀቱን እየለቀቀ ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነገሩ ተረጋጋ። ጁፒተር ከፍ ብላ ነበር። በአዲሱ ዕቃ ሁለቱ ቡናማ ቀበቶዎቿ ቁልጭ ብለው ታዩ፤ ጨረቃዎቿም እንደ ዶቃ ተደርድረዋል። የግቢው ልጆች ተራ ይዘው አዩ። የወዳጄ እናት እማማ ግን አንዴ አይተው፣ በስመ አብ ብለው አማትበው፣ ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ሙከራዬ ቀላል ነበር። አዮ ከጁፒተር ጥላ የምትወጣበትን ሰዓት ከስልኬ ላይ ካለው ፕሮግራም አወጣሁ። ሁለቱን ቴሌስኮፖች ጎን ለጎን ተከልኩ። በትልቁ እኔ፣ በትንሹ ወዳጄ ሆነን ነጥቧ ስትታየን ድምፅ እንድናሰማ ተስማማን። አዮ እንደ አምፖል ቦግ አትልም፤ ደቂቃዎች ወስዳ ቀስ በቀስ ነው የምትደምቀው። እኔ አየኋት ካልኩ በኋላ ወዳጄ አየኋት እስኪል ከግማሽ ደቂቃ በላይ አለፈ። ሰማዩ አንድ፣ ጨረቃዋ አንድ፣ ግቢው አንድ ነው፤ ሰዓቱ ግን ሁለት ሆነ። ትልቁ መስታወት ብዙ ብርሃን ስለሚሰበስብ ደካማዋን ነጥብ ቀድሞ ያያታል።

ግማሽ ደቂቃ በካርታ ላይ ሲቀመጥ በዚያ አካባቢ ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዛሬ በፋብሪካ በተሠራ ዕቃ ይህን ያህል ልዩነት ከመጣ፣ ብሩስ በዘመኑ ቴሌስኮፕ፣ በዘመኑ ሰንጠረዥና በበቅሎ ተጭኖ በመጣ ሰዓት አንድ ደቂቃ ቢስት ምን ይፈረድበታል? እኔ በበኩሌ ባርኔጣዬን አነሣሁለት።

ጨረቃ የፈታችው እስረኛ

የብሩስ መመለሻ ከመምጫው የከፋ ነበር። ባሉጋኒ እ.ኤ.አ. በ1771 ጎንደር ላይ በበሽታ ሞተ። በዚያው ዓመት ሰርባኩሳ ላይ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ራስ ሚካኤልም ከሥልጣን ወረዱ። ብሩስ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 1771 ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ቆላው ወረደ። በመንገዱ ያዳነው ክንፉ ተቀብሎ አስተናገደው፤ አብረው ዝሆን አደኑ። ከዚያ የራሱ ግዛት ወደሆነው ራስ ፊል ገባ። በስም ሹም ሆኖ ሳለ በአካል የደረሰው አገሩን ሊለቅ ሲል መሆኑ ነው። እዚያም ተቅማጥ ጣለው፤ በያሲን እንክብካቤ ከርሞ ወደ ሱዳን የተሻገረው በመጋቢት 1772 ነው።

ከጠረፉ ማዶ ተዋ በምትባል መንደር የአካባቢው ሼክ ገንዘብ ፍለጋ አሳልፍህም አልልህም እያለ ወር ለሚጠጋ ጊዜ ያዘው። ብሩስ ጠመንጃው ጥቂት፣ ሰዉ ደካማ ነበር። የቀረው መሣሪያ ስሌቱ ነው። እ.ኤ.አ. ዓርብ ሚያዝያ 17 ቀን 1772 የጨረቃ ግርዶሽ እንደሚሆን ያውቅ ነበርና ያን ቀን በሰማይ ምልክት ይታያል ብሎ አስቀድሞ ተናገረ። ሙሉ ጨረቃ ወጣች፤ ቆየት ብላም መጨለም ጀመረች። ግቢው ተሸበረ። በማግስቱ ብሩስ መንገዱን ቀጠለ። እርግጥ ነው፣ ያሲን ከራስ ፊል ሆኖ በሼኩ ላይ ያሳደረው ጫናም ቀላል አልነበረም። እኔ ስገምት ጨረቃዋና ያሲን ተጋግዘው ነው ያስለቀቁት።

ከዚያ ስናር፣ ከዚያ የኑብያ በረሃ። ግመሎቹ አለቁ። ከአስዋን ትንሽ ሲቀራቸው ብሩስ ኳድራንቱን፣ ቴሌስኮፖቹን፣ ማስታወሻዎቹን ሁሉ አሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ ሄደ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1772 አስዋን ገባ። እግሩ ቆስሎ፣ ሰውነቱ አልቆ ሳለ መጀመሪያ ያደረገው ምን ይመስላችኋል? ግመል ለምኖ ወደ በረሃው ተመለሰና የጣለውን ሰበሰበ።

ማን አመነው?

ሎንዶን የገባው እ.ኤ.አ. በ1774 ነው። ስለ ጥሬ ሥጋ ሲያወራ ሳቁበት፤ ውሸታም አሉት። ተቀይሞ ወደ ኪኔርድ ገባ። ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1790 ነበር፤ ያኔም ያላመኑት ብዙ ናቸው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1794፣ አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ለመሸኘት ሲጣደፍ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ያን ሁሉ በረሃ አልፎ ደረጃ ጣለው። ከሞተ በኋላ በእግሩ የተተኩ መንገደኞች የጻፈው በአብዛኛው እውነት መሆኑን አረጋገጡ።

ግን ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ብሩስ ውሸታም ተብሎ ተበደለ ብለን ስንቆረቆርለት እሱ ራሱ የበደላቸውን መርሳት የለብንም። ከእሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1618 ፔድሮ ፓኤዝ ግሽ ዓባይን ማየቱን አልቀበልም አለ። ባሉጋኒ ደግሞ አብሮት ግሽ ድረስ ሄዶ ሳለ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ከዚያ ቀደም ብሎ የሞተ አስመሰለው፤ የሠዓሊውን ሥራም የራሱ አደረገው። ይህ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ከራሱ ወረቀቶች ነው። ኮከብን በሰከንድ ሲለካ የነበረ ሰው የባልንጀራውን ሞት በወራት አዛወረው።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለን። ብሩስ ከጎንደር ብዙ የግዕዝ ብራናዎችን ይዞ ወጥቷል። ከእነዚህም መካከል ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። አንዱን ኳድራንቱን ለሰጠው ለፈረንሳዩ ንጉሥ አበረከተ። ሄኖክ ውስጥ የፀሐይንና የጨረቃን ጉዞ፣ የዓመቱን ቀናት የሚቆጥር ሰፊ ክፍል አለ። እንግዲህ ከፓሪስ የነሐስ ኳድራንት መጣ፣ ከጎንደር የሰማይ መጽሐፍ ሄደ። ነሐሱ አብሮት ተመለሰ፤ ብራናው ግን እዚያው ቀረ። በባሕረ ሐሳብ ዘመን ሲቆጥሩ የኖሩ ሊቃውንት አገር፣ መጽሐፉ የአውሮፓ ምሁራን መወያያ ሲሆን ከሩቅ ተመልካች ሆነች።

ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ገንዳ ውሃ አልተመለስኩም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የሱዳን ጦርነት ፈነዳና ብሩስ የተሻገረበት ጠረፍ የስደተኛ መግቢያ ሆነ፤ እኛም ዘንድ ሰላሙ ደፈረሰ። ቴሌስኮፔ አዲስ አበባ ውስጥ መብራት በበዛበት ግቢ ቆሟል። ጁፒተር ግን እዚህም ትታያለች፤ አዮም ሰዓቷን አላዛነፈችም።

ስለ ብሩስ ሳስብ ግን አሁን አሁን ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ያሲን ነው። በታሪክ መጻሕፍት ጥግ ላይ ስሙ ብቻ የተረፈ፣ የቴሌስኮፕ ሌንስ ምን እንደሚያሳይ ምናልባት ደንታም ያልነበረው ሰው። እሱ ዳገቱ ላይ ትከሻውን ባያበድር ኖሮ የግሽ ዓባይ ቁጥር አይኖርም ነበር። ወደ ሰማይ ባየን ቁጥር መሣሪያውን ማን ተሸክሞ እንዳደረሰው መጠየቅም የሥራው አካል ይመስለኛል።